የመሪዎች ወቀሳና የመገናኛ ብዙኃን ነጻነት፦ ከስፒሮ አግኒው ንግግር የሚገኝ መመዘኛ

የፖለቲካ መሪዎች የመገናኛ ብዙኃንን ወገንተኝነት በአደባባይ መውቀስ ይገባቸዋልን? አንዳንዶች ሥልጣን የያዘ ሰው ስለ ጋዜጠኞች ሥራ ባይናገር ይመርጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ መሪም እንደ ማንኛውም ዜጋ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላሉ። ይህ መጣጥፍ የሚሟገተው፣ መመዘን ያለበት የወቀሳው ምሬት ሳይሆን ወቃሹ በተወቃሹ ላይ ያለው ሥልጣን ነው በማለት ነው። ለማስረጃነት የተመረጠው የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ስፒሮ አግኒው ንግግር ነው።

ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1969 ስለ ቬትናም ጦርነት በቴሌቪዥን ተናገሩ። ንግግሩ እንዳበቃ የጣቢያዎቹ ተንታኞች ይተቹት ጀመር። ከ10 ቀን በኋላ አግኒው በአዮዋ ግዛት በደ ሞይን ከተማ ባሰሙት ንግግር፣ ሕዝብ ያልመረጣቸው ጥቂት ሰዎች በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ሆነው ሚሊዮኖች የሚያዩትን ዜና ይወስናሉ ሲሉ ከሰሱ። የተወቀሱት ኤቢሲ፣ ሲቢኤስና ኤንቢሲ ንግግሩን በቀጥታ አስተላልፈውታል።

ክሱ መሠረተ ቢስ አልነበረም። በዚያ ዘመን የአገር አቀፉ የቴሌቪዥን ዜና በአመዛኙ በእነዚህ ሦስት ኩባንያዎች እጅ ነበር። ይህን ያህል ተሰሚነት በጥቂቶች እጅ መከማቸቱ የሕዝብ መወያያ መሆን የሚገባው ጉዳይ ነው፤ የተመረጠ መሪ ቢያነሣውም ነውር የለበትም።

ችግሩ ከክሱ ጀርባ የቆመው ነገር ነው። አግኒው ሳንሱር እንደማይፈልጉ ቢናገሩም፣ ኩባንያዎቹ የያዙት የበላይነት መንግሥት በሚሰጠው ፈቃድ ላይ የቆመ መሆኑን ሳያስታውሱ አላለፉም። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በኒክሰን የተሾሙት አዲሱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሊቀ መንበር ዲን በርች የተንታኞቹን አስተያየት ጽሑፍ ከኩባንያዎቹ ጠይቀው ነበር። የጣቢያዎች ፈቃድ ደግሞ በየ3 ዓመቱ የሚታደስ ነበር። የመንግሥት ቁጥር ሁለት ሰው ሲወቅስና የፈቃድ ሰጪው አካል ኃላፊ ጽሑፍ ሲጠይቅ፣ የጣቢያ ባለቤት ሁለቱን ነጣጥሎ ሊያይ አይችልም።

ይህ ስጋት ባዶ ጥርጣሬ አለመሆኑ ቆይቶ ታይቷል። ኒክሰን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1972 በጽሕፈት ቤታቸው፣ ዋሽንግተን ፖስት የቴሌቪዥን ጣቢያውን ፈቃድ ሲያሳድስ ችግር እንደሚገጥመው ሲናገሩ ድምፃቸው በቴፕ ተቀርጿል። ብዙም ሳይቆይ የጋዜጣው ኩባንያ በፍሎሪዳ የነበሩት ሁለት ጣቢያዎች ፈቃድ እንዳይታደስ ተቃውሞ ቀረበ፤ ከተቃዋሚዎቹ መካከል ከኒክሰን ጋር ቅርበት ያላቸው ነበሩ። ኩባንያው በመጨረሻ ጣቢያዎቹን ባያጣም ለረጅም ጊዜ ሲሟገት ቆይቷል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 የብሔራዊ ጠመንጃ ማኅበርን ክስ ሲመረምር በሙሉ ድምፅ ያጸናው መርሕ ይህንኑ ልዩነት ያሰምርበታል፦ ባለሥልጣን አንድን አቋም መተቸትና ሌሎችን ለማሳመን መጣር ይችላል፤ ሥልጣኑን ማስገደጃ አድርጎ የማይወደውን ንግግር ማፈን ግን አይችልም። ሆኖም ሕጉ ብቻውን አይበቃም። ማስፈራሪያ በግልጽ ሳይነገርም ይሰማል፤ ራሱን ሳንሱር ያደረገ አዘጋጅ ደግሞ ፍርድ ቤት የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።

መሪዎች ዝም ይበሉ ማለት ግን መፍትሔ አይሆንም፤ የተዛባ ዘገባ ሳይታረም ይቀራልና። ስለዚህ የመሪ ወቀሳ ተገቢ የሚሆነው ሦስት ነገሮችን ሲያሟላ ነው። አንደኛ፣ የተሳሳተውን ዘገባ ለይቶ ጠቅሶ ማስረጃ ሲያቀርብ፤ ሁለተኛ፣ ፈቃድን፣ ግብርንና የመንግሥት ማስታወቂያን ፈጽሞ ሳያነሣ ሲቀር፤ ሦስተኛ፣ የተወቀሰው ጋዜጠኛ መልሶ እንዲጠይቅ ዕድል ሲሰጥ። የአግኒው ንግግር መልካም ጥያቄ ያነሣ ቢሆንም በሁለተኛው መመዘኛ ወድቋል። ፈቃድ የሚሰጥና የሚነሣ መንግሥት ቁጣውን ከፈቃዱ ጋር አያይዞ ሲናገር፣ ንግግሩ ትችት መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ይሆናል።