የቡንሰን በርነር፤ ብርሃኑን የተወ ነበልባል

በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ከሚገኙት መሣሪያዎች መካከል እንደ ቡንሰን በርነር የተለመደ ጥቂት ነው። በመለመዱም የተነሣ አመጣጡን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

የኬሚስትሪው ሊቅ ሮበርት ቡንሰን በጀርመን አገር ወደ ሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ የመጣው በ1852 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ አዲሱ ቤተ ሙከራው ተሠርቶ የተፈጸመው በ1855 ነበር። ከተማይቱ በዚያን ዘመን መንገዶቿን ከድንጋይ ከሰል በሚገኝ ጋዝ ማብራት ጀምራ ስለ ነበር፣ ጋዙ በቧንቧ ወደ ሕንፃው ገባ። ይሁን እንጂ ጋዙ የታሰበው ለመብራት ነው፤ ነበልባሉ ቢጫና ጥላሸታም ነበር። ቡንሰን የፈለገው ግን ተቃራኒውን፣ ይኸውም ብርሃኑ እጅግ ያነሰ፣ ሙቀቱ የበረታ ነበልባል ነበር።

ጋዝንና አየርን አስቀድሞ የመቀላቀል ሐሳብ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራደይ ተመሳሳይ መሣሪያ ቀደም ብሎ ገልጾ ነበር። የቡንሰንን ሐሳብ ተቀብሎ በብረት የቀረጸው የዩኒቨርሲቲው መካኒክ ፔተር ዴሳጋ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት ሲወጣ በቧንቧው ግርጌ ካሉት መግቢያዎች አየር ይስባል፤ ሁለቱም ሽቅብ ሲጓዙ ተቀላቅለው ከቧንቧው አፍ ላይ ይቀጣጠላሉ። የአየሩ መግቢያ ሲዘጋ በሚገባ ያልተቃጠለው የካርቦን ብናኝ ግሎ ቢጫ ብርሃን ይሰጣል። ሲከፈት ነበልባሉ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሙቀቱም ወደ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። ድብልቁ ሽቅብ የሚወጣበት ፍጥነት ነበልባሉ ቁልቁል ከሚጓዝበት ካነሰ ግን እሳቱ ወደ ቧንቧው ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ የቀዳዳውና የቧንቧው ልክ መስማማት አለበት፤ ሐሳቡ ያለ መካኒኩ ሙያ ፍሬ ባልሰጠም ነበር።

የነበልባሉ ታላቅ ጥቅም የታየው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የራሱ ቀለም ደብዛዛ በመሆኑ፣ በፕላቲነም ሽቦ ጫፍ የገባበት ጨው የራሱን ቀለም በግልጽ ያሳያል፤ ሶዲየም ቢጫ፣ ፖታሲየም ሐምራዊ። ቡንሰንና የፊዚክስ ሊቁ ጉስታቭ ኪርሆፍ ይህን ብርሃን በፕሪዝም እየከፈሉ ሲመረምሩ፣ በ1860 በዱርክሃይም የማዕድን ውሃ ውስጥ ሲዚየምን፣ በ1861 ደግሞ ሩቢዲየምን አገኙ። እስከዚያ ድረስ ማንም ያላወቃቸው ንጥረ ነገሮች ነበሩ።

ቡንሰን ለመሣሪያው የባለቤትነት መብት አልጠየቀም፤ ከባልደረባው ከሄንሪ ሮስኮ ጋር በ1857 አሠራሩን በይፋ አሳተመ። መሣሪያው እስከ ዛሬ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። የአየሩን መግቢያ ለማስተካከል ቀለበቱን የሚያዞር ሰው ግን፣ ሳያውቀው የዴሳጋንም ሥራ በእጁ ይዟል።