የአቃቂዋ ፀሐይና የባሕር ማዶ ሞተር

ከሳሪስ አቦ ተነሥተን በቃሊቲ በኩል ወደ አቃቂ ስንወርድ፣ በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አይሮፕላን በዚህ አቅጣጫ እንደ ተሠራ የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በአቃቂ የአይሮፕላን ማረፊያ የሠራት ይህች አይሮፕላን በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በረረች።

የሥራው አደጋ ግን በአየር ላይ ብቻ አልነበረም። አካሏ በአቃቂ ሲሰናዳ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው የዋልተር ሞተሯ በቼኮስሎቫኪያ የተሠራ ነበረ። ከባሕር ማዶ ለሚመጣ ከባድ ዕቃ ዋነኛው በር በፈረንሳይ እጅ የነበረው ጅቡቲ ሲሆን፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ የሚያደርሰውም አንድ የባቡር ሐዲድ ነበረ። በ1927 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢጣሊያም ለኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ለዓይን እኩል የሚመስል ፍርድ ነው፤ ነገር ግን ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካዎች ነበሯት፣ እኛ አልነበሩንም። የፀሐይ ሞተር ቢሰበር ምትኩ የሚገኘው በሌላ መንግሥት ፈቃድ ነበረ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ፀሐይም ወደ ኢጣሊያ ተወሰደች።

ይህ የድኻ አገር ችግር ብቻ ነው የሚል ቢኖር ቦይንግን ይመልከት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1997 ዓ.ም. 10 ድሪምላይነር አይሮፕላኖችን ሲያዝ፣ በ2000 ዓ.ም. መረከብ እንዲጀምር ታስቦ ነበር። ቦይንግ ግን የአይሮፕላኑን ብዙ ክፍል በጃፓን፣ በኢጣሊያና በሌሎች አገሮች ላሉ ኩባንያዎች አከፋፍሎ ስለ ነበር፣ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። ሐምሌ 1 ቀን 1999 ዓ.ም. በታላቅ ሥነ ሥርዓት ለሕዝብ የታየው አይሮፕላን ውስጡ ገና ያልተሟላ፣ ብሎኖች ስለ ጠፉም በጊዜያዊ ማያያዣ የተያዘ ነበረ! እስኪበር ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። ቦይንግም በ2001 ዓ.ም. በሳውዝ ካሮላይና የነበረውን የአንዱን አቅራቢ ፋብሪካ ራሱ ገዛው። እኛ የመጀመሪያውን የተረከብነው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነው።

የድሪምላይነር የሰውነት ክፍል ከፊሉ የሚሠራው በደቡብ ኢጣሊያ፣ በግሮታልዬ ነው። ፀሐይን ከ80 ዓመት በላይ ያቆየችው ኢጣሊያ በጥር 2016 ዓ.ም. መለሰችልን።