ሰንጠረዥ፦ በባቡር ሄዶ ያልተመለሰው ጨዋታ

"ሰንጠረዥ" ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስበው የሪፖርት ገጽ ላይ ያለውን የቁጥር ሣጥን ወይም የፕሪሚየር ሊግን የደረጃ ዝርዝር ነው። ቃሉ ግን የጨዋታ ስምም ነው። ከፋርስ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል የተሻገረ፣ በነገሥታትና በመሳፍንት አዳራሽ ለዘመናት የኖረ የኢትዮጵያ ቼዝ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። እቴጌ ጣይቱም በጨዋታው የሚደነቁ ነበሩ ይባላል።

ታዲያ የት ገባ?

የግቢ ጨዋታ ስለነበር ከግቢው ጋር ወደቀ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው ባቡር ንጉሠ ነገሥቱንና መኳንንቱን ይዞ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ አለፈ። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 1 ቀን፣ አዲስ አበባን የያዘው የጣሊያን ጦርና በኦጋዴን በኩል የመጣው የግራዚያኒ ጦር እዚያው ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ። ከድል በኋላ ግቢው ሲመለስ ሰንጠረዡ የቀድሞ ቦታውን አላገኘም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስቦ ባይጽፍ ኖሮ ዛሬ ስለ አጨዋወቱ የምናውቀው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር።

በሌላው ዓለም የቆየ ጨዋታን ከሣጥን አውጥቶ ለአዲስ ትውልድ ማቅረብ ትልቅ ንግድ ሆኗል። የ"ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ" ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን "ድራገንላንስ" የተባለ ምናባዊ ዓለም በ2022 እንደገና አሳትመዋል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ሁሌም የሚነሣው ክርክር አንድ ነው፦ ምኑ ይቀየር፣ ምኑ ይቆይ?

የሰንጠረዥን ጉዳይ የሚያነሡ ሰዎች መጀመሪያ የሚመጣላቸው ማዘመን ነው። በአንድ ሰያፍ እርምጃ ብቻ ለሚሄደው ፈርዝ የዛሬዋን ንግሥት ጉልበት እንስጠው ይላሉ። ያ ከሆነማ የተገኘው ቼዝ ነው፤ ቼዝ ደግሞ አለን።

ሰንጠረዥን ሰንጠረዥ የሚያደርገው ወረራው ነው። (በወረራ የሚከፈት ጨዋታ በወረራ መጥፋቱ የታሪክ ቀልድ ይመስላል።) ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል፣ እጃቸው የቻለውን ያህል ጠጠር እያንቀሳቀሱ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይቀይራል። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ለአውሮፓ ተጓዦች ይህ ግራ የሚያጋባ ነበር። ድሬዳዋ ላይ በስልኩ "ክላሽ ሮያል" ለሚጫወት ልጅ ግን ምንም እንግዳ ነገር የለውም፤ እሱም ተራ አይጠብቅም።

አጨራረሱም የራሱ ክብር አለው። የባላጋራን ሠራዊት ጨርሶ ንጉሡን ብቻውን ማስቀረት ድል አይባልም፤ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይባልምና። በኃይለኛ ጠጠር ከመጨረስ ይልቅ በደካሞቹ ማት ማለት ይበልጥ ያስመሰግናል።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቷል። በዙሪያው የተሰበሰበው ሁሉ፣ ሹሙም አሽከሩም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክር ነበር። የድሬ ሰው በከዚራ ዛፎች ሥር ካርታና ዶሚኖ ሲታይ ዝም ብሎ መቆም ይችል እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። የሰሌዳው ሣጥኖች ባለ ሁለት ቀለም መሆን የለባቸውም፤ ስምንት በስምንት የተሰመረ ቀይ ጨርቅና ከማንኛውም የቼዝ ዕቃ የተገኙ 32 ጠጠሮች ይበቃሉ። በወረራው መካከል "ቀድሜ የበላሁት እኔ ነኝ" የሚል ጭቅጭቅ መነሣቱ አይቀርም። ዳኝነቱን ዙሪያውን ለቆመው ሰው መተው ነው።