ነባር ውል፦ ስልክ ሲቀየር ምን አብሮ ይቀየራል?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ አንድ አባወራ አለ እንበል። ከዓመታት በፊት ከሚስቱና ከሁለት ወንድሞቹ ጋር አንድ የስልክ ፋሚሊ ፕላን ውስጥ ገብቷል። ኢንተርኔቱ ያልተገደበ ነው፤ የክፍያ ቢሉም በየወሩ ያው ነው። የስልኩ ባትሪ ግን እኩለ ቀን ሳይሞላ ያልቅበታል። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሱቅ ጎራ ሲል ከባንኮኒው ወዲያ የቆመው ሐበሻ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ይኼኛው እኮ በነፃ ነው፤ አሮጌውን ብቻ ይስጡኝ» ይለዋል። ታብሌት ይቀርብለታል፣ በጣቱ ይፈርማል፣ አዲሱን ስልክ ኪሱ ከትቶ ይወጣል። በሚቀጥለው ወር የመጣው ቢል የለመደው አይደለም። ያልተገደበው ፕላን በሌላ ስም ተተክቷል፤ ዋጋውም ጨምሯል። ሰውዬው ስልክ እንጂ ውል የቀየረ አልመሰለውም ነበር።

ከእጁ ለወጣው ለዚያ አሮጌ ፕላን አሜሪካኖች ስም አላቸው፦ «ግራንድፋዘርድ ፕላን» ይሉታል። ኩባንያው ለአዲስ ደንበኛ መሸጥ ያቆመው፣ ቀድመው የገቡት ግን በድሮው ዋጋና በድሮው ሁኔታ እንዲቀጥሉበት የተተወላቸው ጥቅል ነው። አማርኛ ተናጋሪው በአሜሪካ ከሻጭ ጋር ሲነጋገር ቃሉን ይሰማዋል፣ ወረቀት ላይም ያየዋል። ቤት ሲገባ ለወላጆቹ የሚያስረዳበት ቃል ግን አያገኝም። እዚህ የሚቀርበው ትርጉም «ነባር ውል» የሚል ነው፤ ነገሩ ጥቅሉን ብቻ የሚመለከት ሲሆን ደግሞ «ነባር ጥቅል»።

አያትን ይዞ «የአያት ውል» ማለት የሚቀና ይመስላል። አይቀናም። አንደኛ፣ አማርኛ ሰሚው ውሉን ከአያቱ የወረሰው ይመስለዋል። ሁለተኛው ምክንያት ከበድ ይላል። እንግሊዝኛው ቃል የተወለደው በአሜሪካ ደቡብ፣ ጥቁሮችን ከምርጫ ለማስወጣት በተሠራ ሕግ ውስጥ ነው። ሉዊዚያና እ.ኤ.አ. በ1898 መራጭ ሁሉ ማንበብና መጻፍ እንዲችል ወይም ንብረት እንዲኖረው የሚያስገድድ ድንጋጌ አወጣች። አባቱ ወይም አያቱ ጥር 1 ቀን 1867 የመምረጥ መብት የነበረው ሰው ግን ከፈተናው ነፃ ሆነ። በዚያ ቀን በሉዊዚያና ጥቁር መራጭ አልነበረምና «አያትህ መርጧል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የቆዳን ቀለም በሌላ ስም የሚጠይቅ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ድንጋጌ ውድቅ ያደረገው በ1915፣ ከኦክላሆማ በተነሣ ክስ ነው። ዛሬ አንዳንድ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ቃሉን ከሰነዶቻቸው እያወጡት ነው። አማርኛ ይህን ሸክም በትርጉም የሚቀበልበት ምንም ምክንያት የለም።

«ነባር» ግን የሁሉም ሰው ቃል ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ «የነባር ተማሪዎች ምዝገባ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነባር ሠራተኛና አዲስ ቅጥር ይባላል። ከሁሉ የሚቀርበው ዘመድ የሚገኘው በመሬት ሕግ ነው። ከሊዝ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘ የከተማ ቦታ «ነባር ይዞታ» ይባላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በደነገገው መሠረት፣ በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ሲተላለፍ ይዞታው እንደነበረ ይቀጥላል፤ ሲሸጥ ግን ገዢው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የገዛ ወይም የሸጠ ሰው ይህን ልዩነት በገንዘብ ያውቀዋል። ነባር ውልም አካሄዱ ይኸው ነው፦ ባለቤቱ እስካልነካው ይኖራል፤ አንድ እርምጃ ከተራመደ አዲሱ ደንብ ይይዘዋል። በስልክ ዓለም ያ እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ከኩባንያው በቅናሽ አዲስ ስልክ መውሰድ ነው።

ይህ በገሃድ የታየው በአሜሪካ ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ነው። ኤቲኤንድቲ በወር 30 ዶላር ይሸጠው የነበረውን ያልተገደበ የስማርት ስልክ ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010 ለአዲስ ደንበኛ ዘጋ፤ በምትኩ 2 ጊጋባይት በ25 ዶላር አቀረበ። ቬራይዘን በዓመቱ ተከተለ። ሁለቱም ነባሮቹን አልነኩም፤ መጀመሪያ ላይ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ግን ቬራይዘን አዲስ ደንብ አመጣ፦ ያልተገደበ ኢንተርኔት ያለው ደንበኛ ስልክ በቅናሽ ዋጋ ከወሰደ ያልተገደበውን ይለቃል፤ ሊያቆየው ከፈለገ የስልኩን ሙሉ ዋጋ ይክፈል።

በዚያው ዓመት መስከረም አይፎን 5 ወጣ። ባለ 16 ጊጋባይቱ የሁለት ዓመት ውል ለሚፈርም 199 ዶላር፣ ያለ ውል 649 ዶላር ነበር። ስለዚህ በአንድ ነባር ውል ላይ ሳይታሰብ ዋጋ ተለጠፈበት፦ 450 ዶላር። ብዙ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ሙሉውን ከፍሎ ውሉን አተረፈ፤ በእጁ 649 ዶላር ያልነበረው ደግሞ በ199ኙ ፈርሞ ያልተገደበውን አስረከበ። የደንቡ ክብደት ያረፈው በዚህኛው ሰው ላይ ነው። አንድ ጊዜ የለቀቀውን ጥቅል መልሶ የሚገዛበት መደብር አልነበረም፤ ቬራይዘን ያልተገደበ ኢንተርኔትን ለሁሉም መልሶ መሸጥ የጀመረው በየካቲት 2017 ነው።

ውሉን ማቆየት ብቻውንም አይበቃም፤ ነባር ውል በስሙ እየኖረ በይዘቱ ሊሳሳ ይችላልና። በመስከረም 2012 የአይፎኑ የቪዲዮ ጥሪ፣ ፌስታይም፣ ያለ ዋይፋይ በሞባይል ኔትወርክ መሥራት ሲጀምር ኤቲኤንድቲ አገልግሎቱን መጀመሪያ የፈቀደው አዲሱ የጋራ ጥቅል ውስጥ ለገቡት ብቻ ነበር። ባለ ነባር ውሉ አዲስ አይፎን ገዝቶም ከቤት ውጪ የልጁን ፊት ማየት አልቻለም። ተቃውሞ ሲበረታ ኩባንያው ደረጃ በደረጃ ፈቀደ።

ከዚህ የባሰው ፍጥነት ላይ የተደረገው ነው። ኤቲኤንድቲ ያልተገደበ ኢንተርኔት ያላቸው ደንበኞች በወር ውስጥ ከተወሰነ መጠን ሲያልፉ ፍጥነታቸውን ዝቅ ያደርግ ጀመር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በጥቅምት 2014 ኩባንያውን ሲከስ፣ ፍጥነት የተቀነሰባቸው ቢያንስ 3.5 ሚሊዮን ደንበኞች መሆናቸውን፣ በወር 2 ጊጋባይት ብቻ ተጠቅመው የተቀነሰባቸው ሰዎችም እንደነበሩ ገለጸ። ጉዳዩ በኅዳር 2019 በ60 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ቬራይዘን ደግሞ በ2015 መጨረሻ የነባሮቹን ያልተገደበ ጥቅል ከ29.99 ወደ 49.99 ዶላር አወጣው። ነባር ውል ማለት ዋጋው ለዘላለም የማይነካ ውል ማለት አይደለም፤ የውሉ የመጀመሪያ ዘመን ሲያበቃ ኩባንያው አሳውቆ ሊጨምር ይችላል።

የሁለት ዓመቱ ውል ራሱ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ሌላው ኩባንያ ቲሞባይል በመጋቢት 2013 ተወው፤ ሌሎቹ እስከ 2016 መግቢያ ተከተሉ። በቦታው የገባው የስልክ ዕዳ ነው፤ «በነፃ ነው» የሚለው የወጣቱ ቃልም በዚህ ነው የሚፈታው። 999 ዶላር የሚያወጣ ስልክ ለ36 ወር ሲከፋፈል በየወሩ 27.75 ዶላር ይደርሳል። ኩባንያው ይህን በየወሩ ቢሉ ላይ ይጽፍና ከሥሩ ያንኑ ያህል መልሶ ይቀንሳል። ይህ ቅናሽ፣ «ወርኃዊ ተመላሽ» ቢባል የሚስማማው፣ የሚቀጥለው ደንበኛው ኩባንያው የፈቀደው ጥቅል ውስጥ እስካለ ድረስ ነው፤ የተፈቀዱት ደግሞ ብዙ ጊዜ አዳዲሶቹና ውዶቹ ናቸው። ነባሩ ጥቅል ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ ስልኩን «በነፃ» ለመውሰድ ጥቅሉን መቀየር ግድ ይሆናል። ሰውዬው በ20ኛው ወር መስመሩን ቢዘጋ ተመላሹ ይቆማል፤ የ16 ወሩ ቀሪ፣ 444 ዶላር፣ ይጠየቃል። አሮጌ ስልኩን ግን በመጀመሪያው ቀን አስረክቧል።

የባለ አራት መስመሩ ቤተሰብ ነገር ደግሞ ለብቻው ይታሰብ። ያልተገደቡት ጥቅሎች ዋጋቸው የሚሰላው በመስመር ነው። በአዲሱ ጥቅል የእያንዳንዱ መስመር ዋጋ 10 ዶላር ቢበልጥና አራቱም አብረው ቢዛወሩ በወር 40፣ በ36 ወር 1,440 ዶላር ይሆናል፤ «በነፃ» ከተባለው ስልክ ዋጋ ይበልጣል። ይህን ሒሳብ የሚሠራው ደንበኛው ነው እንጂ ታብሌቱ አያሳየውም።

አንዳንዴ ምርጫው ጨርሶ ከደንበኛው እጅ ይወጣል። ኤቲኤንድቲ የሦስተኛውን ትውልድ ኔትወርክ በየካቲት 2022 ዘጋ፤ ቲሞባይልና ቬራይዘን በዚያው ዓመት ዘጉ። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ድምፅ ማስተላለፍ የማይችል ስልክ የያዘ ሰው፣ ብዙ ጊዜም አረጋውያን፣ ሳይወድ ወደ ሱቅ ሄደ። አዲስ ስልክ መውሰድ ግዴታ ሲሆን የጥቅሉ ጥያቄም ሳይጠራ አብሮ ይመጣል።

በዱቤ የተወሰደ ስልክ ጣጣው ውቅያኖስ ተሻግሮም ይደርሳል። ዕዳው ያላለቀ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ለኩባንያው ኔትወርክ የተቆለፈ ነው። ለእናት ስጦታ ተብሎ በሻንጣ አዲስ አበባ ሲደርስ የኢትዮ ቴሌኮምን ወይም የሳፋሪኮምን ሲም አይቀበልም፤ በዋይፋይ ፎቶ ማያ ብቻ ይሆናል። ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ግን ኩባንያውን ጠይቆ ቁልፉን ማስፈታት ይቻላል፤ ክፍያ የለውም።

ነባር ውሉን የሚወድ ሰው ሌላ መንገድ አለው። ቁልፍ የሌለውን ስልክ ከአምራቹ ወይም ከሌላ ሱቅ ይገዛና ሲሙን ከአሮጌው አውጥቶ ይከትበታል። ውሉ የተጻፈው በመስመሩ ላይ እንጂ በስልኩ ላይ ስላልሆነ ጥቅሉ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ይቀጥላል፤ አሮጌው ጥቅል አምስተኛውን ትውልድ ኔትወርክ ማካተቱን ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአሌክሳንድሪያው አባወራም ባንኮኒው ጋ ሳለ ለወጣቱ አንድ ጥያቄ ቢያቀርብ ይበቃው ነበር፦ «ልጄ፣ ይህን ስልክ ስወስድ ፕላኔ እንደነበረ ይቆያል ወይ?» ወጣቱ ታብሌቱን ወደሱ አዙሮ፣ ከፊርማው ቦታ በላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የጥቅሉን ስም ያሳየዋል፤ ሰውዬውም ከድሮው ቢል ጋር ያስተያየዋል።