የደም ውኃ ስርገት

ኤዴስ ኤጂፕቲ የተባለችው ትንኝ በቀን እየነከሰች የምታስተላልፈው የደንጊ ትኩሳት በጸናባቸው ሕፃናት ላይ የሚታየውንና ሐኪሞች በባዕድ ቋንቋ «ፕላዝማ ሊኬጅ» የሚሉትን ነገር በዚህ ጽሑፍ «የደም ውኃ ስርገት» ብለን ሰይመነዋል፤ ይኸውም አዲስ እንስራ ሳይሰበርና ሳይነቃ ውኃውን በገላው እንደሚያዥ ሁሉ፣ በደዌው ምክንያት የቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ግድግዳ አላስተላልፍ ማለቱን ሲተው፣ ቀያዮቹ ሕዋሳት በሥሩ ውስጥ እየቀሩ ተሸካሚያቸው የሆነው ፈሳሽ ወደ ደረትና ወደ ሆድ ዕቃ ስለሚሰርግ ነው።

ከመድማት ለይተን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ደዌ እ.ኤ.አ. በ1953 እና በ1954 በማኒላ፣ በ1958ም በባንኮክ በሕፃናት ላይ በጽኑ በተነሣ ጊዜ «ደም አፍሳሽ ትኩሳት» ተብሎ ስለ ተጠራ፣ ስሙ ዓይንን ሁሉ ከድድና ከአፍንጫ ወደሚወጣው ደም ይስብ ነበር፤ ብዙዎቹን ሕፃናት ለሞት የሚያቀርበው ግን በውጭ የማይታየው ስርገት ነው። የታይላንዷ የሕፃናት ሐኪም ሱቺትራ ኒማኒትያ በባንኮክ የሕፃናት ሆስፒታል ሕሙማኑን በትዕግሥት ተከታትለው የደዌውን ምልክትና የጽናቱን ደረጃ ለይተው ስላስቀመጡ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1975 ላወጣው መመሪያ መሠረት ሆነዋል።

እጅግ የሚያስፈራው ስርገቱ የሚበረታበት ሰዓት ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ሲያነድ የሰነበተው ትኩሳት በረድ ሲል፣ እናት «ተመስገን፣ ልጄን ማረልኝ» ብላ ጓዟን ልትሸክፍ በምትነሣበት በዚያው ሰዓት፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት የሚቆየው ክፉ ምዕራፍ ይከፈታል፤ ሆዱን አጥብቆ ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ በላይኛውና በታችኛው የደም ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ወደ 20 ወይም ከዚያ በታች ይጠብባል፤ ሆኖም ሕፃኑ እስከ መጨረሻው አእምሮውን ሳይስት ሊነጋገር ስለሚችል ተመልካቹን ያታልላል።

ስርገቱን ቀድሞ የሚገልጠው መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው። ከጣት ጫፍ የተቀዳው ጠብታ ደም እንደ ስንደዶ በቀጠነ የብርጭቆ ቱቦ ገብቶ በማሽን ሲሽከረከር፣ ቀዩ ከታች ይዘቅጣል፣ ቢጫው ውኃ ከላይ ይጠራል፤ የቀዩ ድርሻ፣ ሄማቶክሪት የሚባለው፣ ትናንት 36 ከመቶ የነበረው ዛሬ 44 ሆኖ ቢገኝ፣ ውኃው ከሥሩ ወጥቶ ደሙ ወፍሯል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ በድሬዳዋ ስለ ተነሣ ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ደዌውን ለሚያመጣው ቫይረስ ፈዋሽ መድኃኒት ባይገኝለትም፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እየተሰጠ፣ መድማትን የሚያባብሱት አስፕሪንና አይቡፕሮፌን እየተከለከሉ፣ በደም ሥር የሚገባው ጨዋማ ፈሳሽም በየሰዓቱ እየተመዘነ ከተሰጠ አብዛኞቹ ሕፃናት ይድናሉ። ስርገቱ በራሱ ጊዜ ሲቆም የሰረገው ውኃ ወደ ደም ሥር ይመለሳልና፣ ሐኪሙ ያን ጊዜ ፈሳሹን ካላቋረጠ ትርፉ በሳንባ ተጠራቅሞ ከስርገቱ የተረፈውን ሕፃን ትንፋሽ ያሳጥረዋል።