ኢንላይን ፈንክሽን

ኢንላይን ፈንክሽን በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስና በመሳሰሉት በኮምፓይለር በሚተረጎሙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ፣ ጥሪው በራሱ በፈንክሽኑ አካል እንዲተካ ፕሮግራመሩ ለኮምፓይለሩ ጥቆማ የሰጠበት ፈንክሽን ነው። ጥቆማው ትእዛዝ አይደለም። ኮምፓይለሩ ሊተወው ይችላል፤ ጥቆማ ያልተሰጠበትንም ፈንክሽን በራሱ ውሳኔ ሊተካ ይችላል።

አሠራር

አንድ ተራ ፈንክሽን ሲጠራ ግብዓቶቹ በሬጅስተር ወይም በስታክ ላይ ይቀመጣሉ፤ የመመለሻው አድራሻ ይያዛል፤ ፕሮሰሰሩም ወደ ፈንክሽኑ ዘልሎ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ፈንክሽኑ በጣም አጭር ከሆነ ይህ ዝግጅት ከሥራው ሊበልጥ ይችላል። ለምሳሌ «ካሬ» የተባለ ፈንክሽን የተሰጠውን ቁጥር በራሱ ያባዛል እንበል። «ካሬ(5)» የሚለው ጥሪ በአካሉ ሲተካ 5 × 5 ይሆናል፤ ኮምፓይለሩም ፕሮግራሙ ሳይሠራ በፊት ስሌቱን ጨርሶ 25 ብሎ ይጽፈዋል። ዋናው ጥቅም ብዙ ጊዜ ከጥሪው መቅረት ይልቅ እንዲህ ያለው ተከታይ ማሻሻያ ነው።

ጉዳት

ረጅም ፈንክሽን በብዙ ቦታ ሲተካ የፕሮግራሙ መጠን ያድጋል። ትእዛዞቹ ከፕሮሰሰሩ ካሽ ሲተርፉ ፕሮግራሙ በመፍጠን ፈንታ ሊዘገይ ይችላል። ራሱን መልሶ የሚጠራ ፈንክሽን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሊተካ አይችልም፤ መተካቱ ማብቂያ አይኖረውምና።

በሲ ፕላስ ፕላስ እና በሲ

በሲ ፕላስ ፕላስ የቃሉ ዋና ትርጉም ዛሬ ሌላ ነው፦ የአንድ ፈንክሽን ፍቺ በብዙ ፋይሎች ውስጥ እንዲገኝ ይፈቅዳል። ስለዚህ ፍቺውን በሄደር ፋይል ውስጥ መጻፍ ይቻላል። በክላስ ውስጥ የተፈታ ፈንክሽን ቃሉ ባይጻፍበትም እንደ ኢንላይን ይቆጠራል። ፍቺዎቹ ግን ፍጹም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ከተለያዩ ሊንከሩ ያለ ማስጠንቀቂያ አንዱን መርጦ ሌላውን ሊጥል ስለሚችል ስሕተቱን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ደረጃ ወዲህ ተለዋዋጮችም ኢንላይን መሆን ይችላሉ።

ቃሉ ወደ ሲ ደረጃ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን ደንቡ ይለያል። በሲ «ኢንላይን» ብቻ የተባለ ፍቺ ለሌሎች ፋይሎች የሚታይ ፈንክሽን አያስገኝም። በዚህም ምክንያት ማሻሻያ ሲበራ በትክክል የሚሠራ ፕሮግራም፣ ማሻሻያው ሲጠፋ ሊንከሩ ፈንክሽኑን አጥቶ ሊከሽፍ ይችላል። ብዙ ፕሮግራመሮች ይህን ለማስቀረት «ስታቲክ ኢንላይን» ብለው ይጽፋሉ።

ጠንካራ ጥቆማዎች

ጂሲሲ እና ክላንግ «ሁልጊዜ ተካ» እና «ፈጽሞ አትተካ» የሚሉ ምልክቶች አሏቸው። በረስት ቋንቋም ሦስት ደረጃዎች አሉ፦ ተራ ጥቆማ፣ «ሁልጊዜ» እና «በፍጹም»። በረስት ሁሉም ጥቆማ እንጂ ዋስትና አይደሉም። ስለሆነም ጥቆማው ጠቅሞ እንደሆነ የሚታወቀው የፕሮግራሙን ፍጥነት ከመጨመሩ በፊትና በኋላ በመለካት ነው።