የአርባ ምንጭ አካባቢ የምግብ ጉብኝት

የአርባ ምንጭ አካባቢ የምግብ ጉብኝት እንግዶች በአስጎብኚ እየተመሩ በአርባ ምንጭ ከተማና በዙሪያዋ የሚገኙ ምግቦችን የሚቀምሱበት፣ አዘገጃጀታቸውንም የሚያዩበት የቱሪዝም ዓይነት ነው። አርባ ምንጭ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ናት። ጉብኝቱ ብዙውን ጊዜ የጫሞ ሐይቅን ዓሣ፣ የቆላውን ፍራፍሬ እና የዶርዜን ቆጮ ያካትታል።

እንደ ማርሴይ ባሉ የፈረንሳይ የወደብ ከተሞች የምግብ ጉብኝት በጥቂት ሰፈሮች ውስጥ በእግር የሚጠናቀቅ ነው። በአርባ ምንጭ ግን ከፊሉ በእግር፣ ከፊሉ በመኪና ይከናወናል። ምክንያቱም የአካባቢውን ምግቦች በዋናነት የሚለያያቸው የመሬቱ ከፍታ ነው።

መልክዓ ምድር

ከተማዋ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ ቆላው ሲዛወር የተቆረቆረች ናት። ሁለት ዋና ክፍሎች አሏት፦ በከፍታው ላይ ያለው ሴቻ እና ከሥሩ በሜዳው ላይ ያለው ሲቀላ። በሴቻ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲበዙ ሲቀላ የንግድ ማዕከል ነው። ከሴቻ ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ አባያና ጫሞ ሐይቆችን፣ በመካከላቸው ያለውን «የእግዜር ድልድይ» እና የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክን ማየት ይቻላል። ዶርዜ ከከተማዋ 30 ኪ.ሜ. ያህል ርቆ በጨንቻ ደጋ ይገኛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስትሆን ዶርዜ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል።

የሐይቁ ዓሣ

በከተማዋ ምግብ ቤቶች በብዛት የሚቀርቡት ቆሮሶና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቆሮሶ ብዙውን ጊዜ ገላው በቢላ ተተልትሎ ሙሉውን በዘይት ይጠበሳል። ነጭ ዓሣ ትልቅና ሥጋማ በመሆኑ ለኮተሌት፣ ለጉላሽና ለለብለብ ይመረጣል። ማባያው እንጀራ ወይም ዳቦ፣ ሎሚና ዳጣ ነው። አምባዛም ይጠመዳል፤ ሆኖም ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖታዊ ምክንያት የማይበሉት አሉ። በዐቢይ ጾም ወቅት የዓሣ ፍላጎት ከፍ ይላል።

የቆላው ምርት

ከከተማዋ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ በጫኖና በላንቴ በኩል ሲያልፍ ግራና ቀኙ የሙዝ ማሳ ነው። የአርባ ምንጭ ሙዝ በአዲስ አበባ ገበያ የታወቀ ሲሆን ማንጎም በብዛት ይመረታል። በየጓሮው የሚበቅለው ሽፈራው በጋሞኛ «ሃለኮ» ይባላል። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል፤ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ሊጥ ድብልብል ጋር ሲበስል ደግሞ ኩርኩፋ ይሆናል። ከእህል ተጠንስሶ የሚዘጋጀው ቦርዴ ወፍራም መጠጥ ነው። የአልኮል መጠኑ ዝቅተኛ በመሆኑ ብዙ ሠራተኞች እንደ ምግብ ይጠቀሙበታል።

የዶርዜ ቆጮ

በዶርዜ እንግዳው የሚያየው የእንሰትን ጉዞ ከጓሮ እስከ ምጣድ ነው። እንሰት ሙዝ ይመስላል፤ የሚበላው ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። ለመድረስ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ሁኔታ በርካታ ዓመታት ይፈጅበታል። ሴቶች ግንዱን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አጋድመው በቀርከሃ ይፍቁታል። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይብላላል። ከዚያም በጥሩ ተከትፎና ተቦክቶ፣ በኮባ ተሸፍኖ በምጣድ ይጋገራል። ሲጨመቅ የሚወጣው ፈሳሽ ሲረጋ ቡላ ይሆናል። የሚተርፈው ቃጫ ለገመድ ይውላል።

ቆጮው ለእንግዳ ከማርና ከዳጣ ጋር ይቀርባል፤ አረቄም ይከተላል። ጉብኝቱ ዝሆን በሚመስሉት የቀርከሃ ቤቶችና በሸማኔዎች መሥሪያ በኩል ያልፋል። በዶርዜ ሽመና በተለምዶ የወንዶች፣ ፈትልና የእንሰት ሥራ የሴቶች ድርሻ ነው። ስለዚህ ጎብኚው የሚቀምሰው ምግብ በዋናነት የሴቶች የሙያ ዕውቀት ውጤት ነው።

በመስቀል በዓል የአካባቢው ገበታ ይለወጣል። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳና በሌሎች ከተሞች የሚሠሩ ሸማኔዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው ይመለሳሉ፤ ሰንጋ በጋራ ይታረዳል፤ ሥጋው ከቆጮና ከቅቤ ጋር ይበላል።

ስጋቶች

በጫሞ ሐይቅ ሕገወጥ አስጋሪዎችና ዓይናቸው ጠባብ የሆኑ መረቦች ዓሣው ሳይራባ እንዲጠመድ ያደርጋሉ። የነጭ ዓሣ ምርት ካለፉት አሥርተ ዓመታት ጋር ሲነጻጸር በእጅጉ ቀንሷል። ከደጋው በጎርፍ ተጠርጎ የሚወርደው አፈርም ሐይቆቹን በደለል ይሞላል። በዚህ ምክንያት የደጋው የአፈር ጥበቃ ለዓሣ አስጋሪዎችም የኑሮ ጉዳይ ነው።

እንሰትን የሚያሰጋው በባክቴሪያ የሚመጣው የአጠውልግ በሽታ ነው። በሽታው ባልጸዳ ቢላ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል፤ ሙዝንም ያጠቃል። የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና ቢላን በእሳት ማጽዳት ዋናዎቹ የመከላከያ መንገዶች ናቸው። እንሰት በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ለሚገመት ሕዝብ ምግብ ነው። ድርቅን በመቋቋሙም በክፉ ዘመን መጠባበቂያ ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ የበሽታው ጉዳት ከጎብኚው ገበታ አልፎ የቤተሰብን የምግብ ዋስትና ይነካል።